የክሪኬት ወዳጅ እንግዳ ባሕር ዳር ሲመጣ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ አንድ ሰዓት ጨዋታ

ይህ መመሪያ ለአስጎብኚዎች፣ ለጀልባ ነጂዎች፣ ለሆቴል ሠራተኞችና ከውጭ አገር መምህራን ጋር ለሚውሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ጣና ዳር የሚደርስ ሕንዳዊ፣ ፓኪስታናዊ፣ ስሪላንካዊ፣ እንግሊዛዊ ወይም አውስትራሊያዊ ስለ ዘጌ ገዳማትና ስለ ጢስ ዓባይ ሲነገረው ይውላል። ስለ ክሪኬት የሚጠይቀው ግን አያገኝም፤ አገሩ ቢሆን በየሻይ ቤቱ የሚወራው እሱ ነበር። ስለዚህ አንድ ደህና ጥያቄ ብቻ ወሬውን ይከፍታል። አዋቂ መምሰል አያስፈልግም። ክሪኬት ወዳድ ሰው ማስረዳት ይወዳል፣ ከማስረዳት ይልቅ ደግሞ ባት፣ ማለትም የኳስ መምቻውን እንጨት፣ መጨበጥ ይወዳል። ለሁለቱም የሚሆነውን ከታች አስቀምጠናል።

ለመጠየቅ የሚበቃ ዕውቀት

ሁለት ቡድኖች አሉ፣ በእያንዳንዱ 11 ሰው። አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል፣ ይለቅማል። ሜዳው መሀል ላይ 20.12 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር አለ። በሁለቱም ጫፍ ቁመታቸው 71 ሴንቲሜትር የሆነ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፤ ዊኬት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ወርዋሪው እንጨቶቹን ለመምታት ይጥራል፣ መቺው በባቱ ይከላከላል። ኳሱን መትቶ ከጓደኛው ጋር ጫፍ ሲቀያየሩ አንድ ነጥብ ይሆናል። ኳሱ መሬት እየነካ ከሜዳው ወሰን ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ከተሻገረ 6 ነው። እንጨቱ ከተመታበት፣ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበበት ወይም እየሮጠ ሳለ እንጨቱ ከተነካበት ይቃጠላል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል።

ጨዋታው በሦስት ዓይነት ርዝመት ይካሄዳል፦ የ20 ኦቨሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ የ50 ኦቨሩ ሙሉ ቀን፣ ቴስት የሚባለው ደግሞ እስከ አምስት ቀን። አምስት ቀን ተጫውተው ያለ አሸናፊ ሊለያዩም ይችላሉ። ይህን ሲነግሯችሁ አትሳቁ፤ ለብዙዎቹ የጨዋታው ክብር ያለው እዚያ ነው። ከሁሉም የሚሻለው የመክፈቻ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ለአምስት ቀኑ ነህ ወይስ ለሃያ ኦቨሩ?» ዕድሜው ገፋ ያለ እንግሊዛዊ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፣ የሃያ ዓመት ሕንዳዊ ሌላ፤ ሁለቱም ግን በአንድ ቃል አይመልሱም።

ለየአገሩ የሚሆን አንዳንድ ነገር ያዙ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ለሕንዳዊ 1983 እና 2011፣ የ50 ኦቨር የዓለም ዋንጫ የወሰዱባቸው ዓመታት ናቸው፤ በ2011 ሙምባይ ላይ አምበሉ ዶኒ ጨዋታውን በ6 መዝጋቱን የማያስታውስ ብርቅ ነው። ሳቺን ቴንዱልካር በአገራት ጨዋታዎች 100 ጊዜ መቶ ነጥብ ያስቆጠረ ብቸኛ ሰው ነው። ለፓኪስታናዊ 1992 ነው፣ ሜልቦርን ላይ፣ ኢምራን ካን አምበል ሆኖ። ለስሪላንካዊ 1996። ለአውስትራሊያዊ 99.94 የምትለው ቁጥር ትበቃለች፤ አውስትራሊያዊው መቺ ዶን ብራድማን በቴስት ያስመዘገበው የነጥብ አማካይ ናት። ደቡብ አፍሪካዊውን 1999ን አታስታውሱት፤ ግማሽ ፍጻሜው እኩል ሆኖ የወደቁበት ዓመት ነው። 2025ን አንሡለት፣ ለንደን ውስጥ ሎርድስ ሜዳ ላይ የቴስት ሻምፒዮናውን ያነሡበትን። ኒውዚላንዳዊውን አውስትራሊያዊ ብሎ መጥራትም፣ በ2019 ፍጻሜ ለእንግሊዝ የተወሰነበትን ሕግ ልክ ነበር ማለትም ወሬ ይዘጋል። የጎረቤት ጉዳይ ከተፈለገ ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች፣ ኡጋንዳም በ2024 የ20 ኦቨሩ ዋንጫ ላይ ተጫውታለች።

ሁሉም ሕንዳዊ ክሪኬት ይወዳል ብላችሁ አትነሡ። ከኬረላ፣ ከጎዋ ወይም ከኮልካታ የመጣ ሰው እግር ኳስ ሊያስበልጥ ይችላል፤ ያኔ ስለ ባሕር ዳር ከተማ ክለብ አውሩትና ተገላገሉ። የሕንድና የፓኪስታን ሰዎች አብረው ካሉ ደግሞ የሁለቱን አገሮች ጨዋታ ራሳቸው እስኪያነሡት ጠብቁ።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ ረጅሙን ወሬ ለመሳፈሪያው ወይም ለመልሱ ቡና አቆዩት። በሞተሩ ጩኸት ላይ ቁጥርና ስም መጮህ ሁለቱንም ያደክማል።

ኳሱ

እውነተኛው የክሪኬት ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን፣ በቆዳ የተሸፈነ ጠንካራ ነገር ነው። የእግር መከላከያና የራስ ቁር በሌለበት አታውጡት፤ እንግዳው ሻንጣው ውስጥ ቢኖረው እንኳ ለማየት ብቻ ይሁን። በካራቺ ጎዳናዎች የሚሠራበት የቴኒስ ኳስ በፕላስቲክ ቴፕ የተጠቀለለ ነው፤ ለእኛም ልኩ እሱ ነው። ፓኪስታናዊ እንግዳ ይህን ኳስ በእጃችሁ ሲያይ ምን ያህል እንደተዘጋጃችሁ ወዲያው ይገባዋል።

አዲስ የቴኒስ ኳስ አትግዙ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች በውስጡ አየር የታመቀ አዲስ ኳስ ከሚገባው በላይ ይነጥራል፤ ከመቺው ደረት በላይ ያልፋል፣ ጀማሪም ተስፋ ይቆርጣል። የቴኒስ ሜዳ ያላቸው ቦታዎች አርጅቶ የጣሉትን ጠይቁ፤ የለሰለሰው ይሻላል። በቀጥታ ከተዘረጋ ክንድ ከትከሻ ከፍታ ለቃችሁት ጭን አጋማሽ ድረስ ከተመለሰ ደህና ነው።

መጠቅለያው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለሽቦ የሚጠቀሙበት ናስትሮ ነው። ስፋቱ 19 ሚሊሜትር ያህል የሆነውን ምረጡ፤ ለአንድ ኳስ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይበቃል። ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ጥቁሩ ከ12 ሰዓት በፊትም ቢሆን ከዛፍ ጥላ ጋር ይጠፋል። መጀመሪያ የኳሱን ወገብ አንድ ጊዜ ዙሩ፤ 22 ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳል። ቁረጡት። ኳሱን ሩብ ዙር አዙሩና ሁለተኛውን በመስቀለኛ አኑሩ። ከዚያ በቀሩት ክፍተቶች ላይ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የቀደመውን አንድ ሦስተኛ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ጨርሱ። በአንድ ረጅም ናስትሮ ያለማቋረጥ ለመጠቅለል የሚሞክር ሁሉ ጎንና ጎኑ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ ኳሱም ሲነጥር ወደ ጎን ይፈነጠራል።

ናስትሮውን አትወጥሩት። የተወጠረ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ልኩ ለመመለስ ይሰበሰባል፣ ጫፉ ይነሣል፣ በሦስተኛው ኦቨር ይገነጠላል። ከጠቀለላችሁ በኋላ በሁለት መዳፍ መሀል ለአንድ ደቂቃ አሹት፤ ሙጫው በሙቀት ይይዛል። ሲያልቅ 65 ግራም ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ሦስት ኳስ አዘጋጁ። እንግዳው ግማሹን ብቻ ጠቅልሉልኝ ካለ በአየር ላይ እንዲታጠፍለት ፈልጎ ነው፤ ለእሱና ለጓደኞቹ ስጡት፣ ጀማሪ ላይ ግን እንዳይወረውረው።

ባትና ዊኬት

ባት ከእንጨት ሠራተኛ ማሠራት ቀላል ነው። የሕጉ ጣሪያ 96.5 ሴንቲሜትር ርዝመትና 10.8 ሴንቲሜትር ስፋት ነው። እናንተ 85 ሴንቲሜትር አሠሩ፦ 55ቱ ምላጭ፣ 30ው እጀታ። የምላጩ ውፍረት 4 ሴንቲሜትር፣ እጀታው ደግሞ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ክብ። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ በዚህ ልክ 1.2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ከሱቅ ባት ጋር ይቀራረባል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ ከመረጣችሁ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ከአንድ ኦቨር በኋላ የእጅ አንጓ ያሳምማል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ለአናጢው ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት። የእንጨቱ ጭረት በባቱ ርዝመት ይሂድ። እጀታው ከምላጩ ጋር የሚገናኝበትን ትከሻ በቀጥታ ማዕዘን አይቁረጠው፣ እያጠበበ ያውርደው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ባት ሁልጊዜ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። እጀታውን ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ጠቅልሉት። ብስክሌት በሞላበት ከተማ የተቀደደ ካላማዳሪያ አይጠፋም፤ ላብ በያዘው እጅ ባዶ እንጨት ግን ያመልጣል፣ ያመለጠ ባት ደግሞ ከኳሱ ይልቅ አደገኛ ነው።

ለዊኬት እንጨት መትከል አያስፈልግም። ሁለት የለስላሳ ወይም የቢራ ሳጥን ደርባችሁ በጠባብ ጎናቸው ወደ ወርዋሪው አቁሙ። ከሕጉ ትንሽ አጠር፣ ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ ለጀማሪ ወርዋሪ ይህ ያግዛል። ኳስ ሲነካቸው የሚሰማው ድምፅም ክርክር ያስቀራል። በሌላው ጫፍ ቦርሳ ወይም ድንጋይ ይበቃል፤ ውርወራው ሁሉ ከአንድ ጫፍ ብቻ ይሁን፣ በየኦቨሩ ሳጥን መሸከም ጊዜ ይበላል።

ቦታና ሰዓት

ከሁሉ የሚሻለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ሙሉው 28 ሜትር ስለሚረዝም የክሪኬቱ 20 ሜትር ይገባበታል፣ ሲሚንቶውም ኳሱን በእኩል ያነጥራል። ቀጥሎ የተረገጠ ቀይ አፈር ይመጣል። መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ኳሱ ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ኮብልስቶን ላይ ጨርሶ አትሞክሩ።

ሜትር ከሌላችሁ 22 ትልልቅ እርምጃ ቁጠሩ። ጀማሪ ከበዛ 18 ይብቃ። መስመሩን በተቻለ መጠን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉት፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ መቺ ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ እንጂ ኳስ አያይም። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የሐይቅ ነፋስ ብዙ ጊዜ ከሰሜን ነው። ወርዋሪው ጀርባውን ለነፋሱ ከሰጠ ኳሱ ይፈጥናል፤ ልምድ ያለውን ፊቱን ወደ ነፋስ አድርጋችሁ ብታስወረውሩት ጨዋታው ይመጣጠናል። መቺው ግን ወደ ውኃው አቅጣጫ እንዳይመታ ቦታ ምረጡ። የተጠቀለለው ኳስ ይንሳፈፋል፣ ለማውጣት ተብሎ ግን ወደ ደንገሉ መግባት የለም፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ። ሕጉን አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ ኳስ ሐይቅ ያስገባ ተቃጥሏል።

ሜዳው ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጆች የኳስ ሜዳ ነው። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸውና አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱን ደግሞ አስገቡ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሆነ እንግዳው ፓስፖርቱን ወይም ቅጂውን ይያዝ፣ ጥበቃውንም ከቀኑ በፊት አነጋግሩ። ደጁ ላይ ቆሞ መለመን የእንግዳውን ደስታ ይገድለዋል።

ስምንት ሰው፣ አንድ ሰዓት

የተለመደው አጨዋወት ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም። አንዱ ቡድን ሲመታ የተቃጠለ ሰው ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ክሪኬት የማያውቅ የሰፈር ልጅ በመጀመሪያው ኳስ ተቃጥሎ ሲቀመጥ ዳግመኛ አይመጣም። እንግዳው ደግሞ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ሲመታ ሌላው ያዛጋል። የጥንድ አጨዋወት ይህን ይፈታል።

ስምንቱን ሰዎች አራት ጥንድ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የሚያውቅና አንድ የማያውቅ ይሁን። የሚያውቁት ሁለት ብቻ ከሆኑ ለየብቻ ጥንድ ላይ መድቧቸው፣ በምንም ምክንያት አንድ ላይ አታድርጓቸው። ይህ ከሁሉም ሕግ ይበልጣል፤ ጥንዱ ለመሮጥ ሲል «ና!» «ቁም!» መባባል አለበትና የቋንቋው ነገር በራሱ ይፈታል።

እያንዳንዱ ጥንድ 50 ነጥብ ይዞ ጀምሮ አራት ኦቨር ይመታል። በተቃጠሉ ቁጥር 5 ይቀነሳል፣ መቺው ግን አይወጣም፤ ከጥንዱ ጋር ጫፍ ይቀያየርና ጨዋታው ይቀጥላል። ሁለቱ በየኦቨሩ መጀመሪያ ይፈራረቁ፣ አለበለዚያ የሚያውቀው በመጨረሻው ኳስ አንድ ነጥብ እየሮጠ መቺነቱን ለራሱ ያስቀራል። የቀሩት ስድስት ሰዎች አንድ ወርዋሪ፣ አንድ ከሳጥኑ ጀርባ የሚቆም በረኛ፣ አራት ለቃሚ ናቸው። በድምሩ 16 ኦቨር ይሆናል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው 2 ኦቨር ይወረውራል። ለአንድ ኦቨር አራት ደቂቃ ብትይዙ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀመራችሁ ሳይመሽ ትጨርሳላችሁ።

ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ለሚሄድ ውርወራ አንድ ነጥብ ስጡ፣ ግን ከስምንት ኳስ በላይ በአንድ ኦቨር አይወርወር። ይህን ገደብ ካላደረጋችሁ አንድ ጀማሪ ወርዋሪ አሥራ አምስት ኳስ ይፈጅባችኋል። ኳስ እግር ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለውን ሕግ ሙሉ በሙሉ ጣሉት፤ በቴሌቪዥን መሣሪያ እንኳ የሚያከራክር ነገር ነው።

ውርወራ ላይ የኛ ልጆች የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ። ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ክርናቸውን አጥፈው ይለቃሉ። ሕጉ ክርን ሲዘረጋ ከ15 ዲግሪ እንዳያልፍ ይላል፤ በሜዳ ላይ ግን «ክንድህ ጆሮህን ነክቶ ይለፍ» ማለት ይበቃል። አሁንም ካልሆነ ሳይንደረደር፣ ከ15 ሜትር፣ ከታች ወደ ላይ ይልቀቀው፤ ከተስማሙ ችግር የለውም። በተቃራኒው እግር ኳስ ተጫዋች መልቀም ላይ ይበልጣል። ኳስን በእግር ማቆም በክሪኬት የተፈቀደ ነው፣ በረኛ የነበረ ልጅም ከሳጥን ጀርባ ወዲያው ይለምዳል። ገና የለመደ መቺ ባቱን እንደ ገና ዱላ ወደ ጎን ይጠርገዋል፤ ባቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች መውረድ እንዳለበት አሳዩት።

ለሚያውቀው እንግዳ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ንገሩት፦ ለጀማሪ በዝግታ፣ ከወገብ በላይ የሚነጥር የለም። አብዛኞቹ ራሳቸው ያስባሉ፤ አንዳንዱ ግን ኳስ ሲይዝ ይረሳል። ከመቺው ፊት ከ10 ሜትር ቀርቦ የሚቆም ለቃሚ አይኑር። ሊያዩ የሚሰበሰቡ ሕፃናት ከመቺው ቢያንስ አምስት ሜትር ራቅ ይበሉ፤ ወደ ኋላ የሚወዛወዝ ባት አይታይም። አንዱን ነቃ ያለ ልጅ ነጥብ መዝጋቢ አድርጉት፦ ነጥብ ያልተገኘበት ኳስ ላይ ነጠብጣብ፣ የተገኘበት ላይ ቁጥር፣ የተቃጠለበት ላይ መስቀል። ወረቀቱን እንግዳው ይዞት ይሂድ፣ ፎቶውን እናንተ አስቀሩ። ኳስ ባለሥልጣን ላይ ቢያርፍ እንኳ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው እዚህም ያስኬዳል።

ከጨዋታው በኋላ

በቴስት ክሪኬት 40 ደቂቃ ለምሳ፣ 20 ደቂቃ ለሻይ ጨዋታው ይቆማል። ስለዚህ ቡና እናፍላ ስትሉ እንግዳው የጨዋታው አካል አድርጎ ነው የሚቀበለው። ግን መሀል ላይ አታፍሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ብርሃኑ ያልቃል።

ሥጋ የማይበሉ ሕንዶች ብዙ ናቸውና በያይነቱ ይመቻቸዋል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቀላል ነው፤ በሌላ ቀን ሽሮው ቅቤ እንዳለው ጠይቁላቸው፣ ቅቤ የማይነካም የሚፈልግም አለና። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይበሉም ይገኛሉ፤ ለእነሱ ቀድሞ ካልተነገረ በወጥ ቤታችን የሚሆን ነገር አይገኝም። ሙስሊም እንግዳ ዓሣ ብሉ ቢባል ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ወሬ ከጠፋ ደጅ የቆመውን ባጃጅ አሳዩት፤ የሕንድ ፋብሪካ ሥራ ነው።

ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ከፈለጉ ዲኤስቲቪ ቤቱን ከቀኑ በፊት አነጋግሩ። ጥቅሉ የክሪኬት ቻናል እንዳለው አረጋግጡ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚተላለፍበት ቅዳሜና እሑድ ግን አትጠይቁ፣ ቤቱ በሙሉ ይጮህባችኋል። ሰዓቱን እንዲህ አስሉ። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ በመጋቢትና በግንቦት መሀል የሚካሄደው የሕንድ ሊግ የማታ ጨዋታ በእነሱ ከምሽቱ 1:30 ላይ ሲጀምር እዚህ 11 ሰዓት ነው። ከሥራ መውጫ ጋር ይገጥማል፣ የሥራ ቀን ከሆነ ቤቱም ባዶ ነው። የእንግሊዝ የበጋ ቴስት እዚህ 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሜልቦርን ላይ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ በእኛ ታኅሣሥ 17 ገደማ የሚጀመረው ግን ከሌሊቱ 8:30 ነው፤ ለእሱ የሆቴሉን ኢንተርኔት ጥንካሬ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ቀሪውን ራሱ ይወስን።